ሳጥን አንባቢዋ

ጆሃንስበርግን የሠራኋት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው ሠራኋት ቢላችሁ አትመኑት። በአሥር ዓመቴ፣ ከእህል በረንዳ ጀርባ ካለው ግቢያችን ሳልወጣ፣ የሽንኩርት ጆንያ ላይ ቁጭ ብዬ ነው ከነመንገዷ የገነባኋት። ትራፊኩን ቀጭኔ አደረግኩት፤ ማማ ላይ መውጣት አያስፈልገውማ። ተሸካሚዎቹን ሰጎን አደረግኳቸው። አንዷ ሰጎን ኩንታል አዝላ ስትሮጥ እንደኛ ሰፈር ተሸካሚ "ዞር በሉ! ዞር በሉ!" እያለች አትደክምም፤ አንገቷ ቀድሞ ደርሶ ሰዉን ይከፍለዋል።

ስሜ ሀፍሷ ነው። በትምህርት ብዙም አልገፋሁም፤ ስምንተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ጎብኝቼ ወጣሁ። ዛሬ መርካቶ ውስጥ ስልክ እጠግናለሁ፣ ሲስተም እጭናለሁ። ደንበኞቼ "ይቺ ልጅ ወሬዋን ለብቻው ብትሸጠው ይሻላት ነበር" ይሉኛል። አሁን በምነግራችሁ ውስጥ ግን ውሸቱ ሁሉ የአሥር ዓመቷ ሀፍሷ ነው። እኔ የጨመርኩት የለም።

ጊዜው 2005 ዓ.ም. ነው። የጠዋት ፈረቃ ተማሪ ስለነበርኩ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ቤት እገባለሁ። አባቴ ጠሀ ሶማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ ይሸጥ ነበር፤ ጠዋት ከወጣ የሚመለሰው ከመግሪብ በኋላ ነው። እናቴ ታናሽ ወንድሜን አዝላ ቡታጅራ ሄዳለች፤ "ለአንድ ወር ነው" ብለውኛል። ያ ወር መስከረም ላይ ጀምሮ ታኅሣሥ ላይም ገና አላለቀም ነበር። እኔም የቡታጅራ ወር ረጅም ይሆናል ብዬ ተቀበልኩት። መፋታታቸውን የሰማሁት አሥራ አራት ዓመት ሲሞላኝ ነው።

እና ከሰዓት በኋላ ብቻዬን ነኝ። ከግንቡ ወዲያ መርካቶ ሙሉ ይጮሃል፤ ጋሪው፣ ጥሩምባው፣ ደላላው፣ የሚሰደበው፣ የሚማልለት። ከዚያ ሁሉ ጩኸት አንዱም እኔን የሚጠራ አይደለም። አንዳንድ ቀን ድምፄ መኖሩን ለማረጋገጥ ብዬ በራሳችን በር ላይ "ማነው?" እልና ገብቼ "እኔ ነኝ" እላለሁ።

የግቢያችን ሰው እትዬ ሸዋገነት ብቻቸውን ይኖራሉ። በጠዋት ከአትክልት ተራ ሽንኩርት አምጥተው ይቸረችራሉ፤ ከሰዓት በራቸው ላይ ተቀምጠው የተረፈውን ይለቅማሉ፣ የበሰበሰውን ወዲያ፣ ደህናውን ወዲህ። አንድ ልጃቸው ማዕረግ "ደቡብ አፍሪካ ሠርቼ እመጣለሁ" ብሎ በሞያሌ በኩል ከወጣ ወራት አልፈዋል። መጀመሪያ ላይ ደውሎ ነበር። ከዚያ ተወ። እሳቸው ደግሞ ፊደል አልቆጠሩም።

አንድ ቀን ባለ ቁልፏ ትንሽ ስልካቸው ጮኸች።

"አንቺ ልጅ፣ ተማሪ አይደለሽ እንዴ? ነይ እስቲ፣ ይሄ ምን ይላል?"

ሄጄ አየሁት። ሳጥን ነው። ሳጥን፣ ሳጥን፣ ሳጥን፣ ክፍት ቦታ፣ ደግሞ ሳጥን። መጨረሻው ላይ አንድ ነጥብ። ስልኳ አማርኛ ስለማትችል እያንዳንዱን ፊደል በባዶ ሳጥን ተክታዋለች። "እትዬ፣ ይሄ አይነበብም" ማለት ነበረብኝ። ሦስት ቃል ነው። ግን ያን ቀን ሙሉ ሰው አንድም ነገር አልጠየቀኝም ነበር፤ መምህራችን እንኳ ስም ሲጠራ ዘሎኝ ነበር።

"ማዕረግ ነው!" አልኩ።

እጃቸው ሽንኩርቱ ላይ ቆመ።

"እማዬ እንደምን ነሽ ይላል። እኔ በጣም ደህና ነኝ። ጆሃንስበርግ ገብቻለሁ። ሱቅ ከፍቻለሁ…" ቀና ብዬ አየኋቸው። ፊቴን እያዩ ነው፣ ስልኩን አይደለም። "…ዕቃ የሚያወርድልኝ ሰጎን ነው ይላል።"

"ምን አልሽ?"

"ሰጎን። ትልቋ ወፍ። እዚያ ተሸካሚው ሰጎን ነው።"

የያዙትን ሽንኩርት አስቀመጡ። ከዚያ ሆዳቸው ተንቀጠቀጠና ሳቁ፤ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን እየጠረጉ ሳቁ። ከጎናቸው ያለውን ጆንያ ደልደል አድርገው "ተቀመጪ" አሉኝ። ቀቅለው ካስቀመጡት ድንች አንዱን ልጠው፣ በርበሬ ነስንሰው ሰጡኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጆንያው የኔ ሆነ።

ስልኳ በሳምንት አንድ ሁለቴ ሳጥን ይመጣላት ነበር። እኔም አነባለሁ። ማዕረግ ከሰጎኖቹ ጋር በደሞዝ ተጣላ፤ አድማ መቱበት። ቀጭኔው ትራፊክ በቀይ መብራት አለፍክ ብሎ ያዘው፤ ማዕረግም አንገቱ ላይ ወጥቶ ይቅርታ ጠየቀው። እትዬ ሸዋገነት ጥያቄ ያበዛሉ። "ሰጎኗ ምሳዋን የት ትበላለች? እንዲህ ስትሮጥ ዕንቁላሏ አይሰበርም?" እኔ ደግሞ ሳጥኖቹን በጣቴ እየተከተልኩ መልሱን እዚያው አገኘዋለሁ።

አንዳንዴ ሳላስበው ሌላ ነገር ይወጣኝ ነበር። "ለበዓል እመጣለሁ ይላል። ዘግይቼ ነው እንጂ ረስቼ አይደለም ይላል። ቀይ ጫማ ገዝቼልሻለሁ፣ ቁጥርሽን ግን ረሳሁት።"

"ጫማ ገዝቼልሻለሁ አለ?" አሉኝ ቀስ ብለው።

"አዎ።"

"ቁጥርሽ ስንት ነው ብሎ ጠየቀ?"

"ሠላሳ ሁለት ነው ይበሉት" አልኩ።

የራሴን እግር ቁጥር ነበር የተናገርኩት። እሳቸው ግን እግራቸውንም እግሬንም አላዩም። ድንች ጨመሩልኝ።

የካቲት ላይ ይመስለኛል፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ የግቢው ሴቶች በሙሉ እትዬ ሸዋገነት ቤት ተቀምጠዋል። ልብስ ሰፊው ጋሽ አበራም አሉ፤ መነጽራቸውን አውልቀው በጃኬታቸው ጫፍ እየጠረጉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይናገራሉ። "ልጆቹ የተያዙት ማላዊ ላይ ነው አሉ… ኮንቴይነር ውስጥ… የታመመም አለ… የታሰሩትን ስም ዝርዝር ያየ ሰው የለም።" ሰው ሲሰበሰብ አንድ ነገር ገባኝ፤ መልእክት ሊሰሙ ነው የመጡት! የኔ ዝና ግቢውን ሞልቶ!

ስልኩን ከመደርደሪያው አንስቼ መሀል ቆምኩ። የድሮውን ሳጥን ከፈትኩና ጀመርኩ። እንደዚያ ቀን አድርጌ አንብቤ አላውቅም። ሰጎኖቹ ማኅበር አቋቋሙ፣ ሊቀመንበር መረጡ፣ ማዕረግን ጸሐፊ አደረጉት። ማንም አላቋረጠኝም። ወጥ ሠርታ ያመጣችው ጎረቤታችን ጠሂራ አፏን በእጇ ይዛ ወደ ውጭ ሮጠች። ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ነው አልኩ በልቤ። ጋሽ አበራ "በቃ ልጄ፣ በቃሽ" ሲሉኝ እትዬ ሸዋገነት ቆጣ ብለው "ተዋት፣ ትጨርስ" አሉ።

ዛሬ ያቺን ክፍል ሳስታውስ ጠሂራ ከውኃ ቧንቧው ጀርባ ቆማ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አያለሁ። ያኔ ግን ጎንበስ ብዬ ጭብጨባ ስጠብቅ ነበር።

ሴቶቹ ሲወጡ ጋሽ አበራ ቀሩ። "ሸዋዬ፣ ልጆቹ ከዚያ መደወል አይችሉም። የሰው ስልክ ተውሰው ቢጽፉ ነው። ቢጽፉም በአማርኛ ነው የሚጽፉት። ይቺ ስልክ አታነብም። አማርኛ የሚያነብ ግዢ።"

እትዬ ሸዋገነት በርጩማዎቹን መሰብሰብ ጀመሩ። እኔ ግን ድንቼን መብላት ተውኩ። የሚያነብ ስልክ ከመጣ ሳጥኖቹ ይከፈታሉ፤ ሳጥኖቹ ከተከፈቱ ሰጎን የለም፤ ሰጎን ከሌለ ጆንያው የኔ አይደለም።

የፉርቃን ስልክ ቤት የሄድነው በማግስቱ ነው። ፉርቃን ያባቴ ያጎት ልጅ ነው፤ ሲሸጥ ሁለት እጁን እያወናጨፈ ነው የሚናገረው።

"እትዬ፣ ስልክ ማለት ይሄ ዕቃው አይደለም" አለ አንዱን አንስቶ እያገላበጠ። "ዕቃውማ ፕላስቲክ ነው። ውስጡ ተራ አስከባሪ አለ፤ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ይባላል። ዘፈን ሲመጣ 'አንተ እዚህ ግባ'፣ ፎቶ ሲመጣ 'ያን ጥግ ያዝ'፣ መልእክት ሲመጣ 'ጩህ' ብሎ የሚያሰልፈው እሱ ነው። የርስዎ ባለ ቁልፏ ተራ አስከባሪዋ ጠንካራ ነው፤ ባትሪ አይበላም፣ ቢወድቅ ተነሥቶ ይሄዳል። ግን ፊደላችንን አያውቀውም። የማላውቀውን ሰው ፊቱን ሸፍኜ ነው የማሳልፈው ይላል፤ ሳጥኑ እሱ ነው።"

"አይፎንስ?" አልኩ፣ ወሬ ለማስቀየር።

"እሱ ተራ አስከባሪ በሩን ዘግቶ የሚውል ነው። ከጎረቤት ዘፈን እንኳ በብሉቱዝ አይቀበልም። ለመርካቶ ሰው ይከብዳል።" ከመስታወቱ ሥር ሁለት ጥቁር ስልኮች አወጣ። መንታ ናቸው፤ አንዱን ከአንዱ እናታቸውም አትለያቸውም። "ይሄኛው እውነተኛ አንድሮይድ ነው፣ ያገለገለ፣ ሲስተሙ አራት ነጥብ አንድ። አማርኛ ያነባል። ይሄኛው ኮፒው ነው። አራት ስፒከር አለው፣ ቴሌቪዥን ይስባል፤ ፊቱን አንድሮይድ አስመስለው ቀብተውታል፣ ውስጡ ግን ሌላ ነው። አማርኛ ሲያይ ያው ሳጥን።"

"በምን ይለያል?" አሉ እትዬ ሸዋገነት።

"ይዩ!" ስለ ስልኩ የሚለውን ከፍቶ የሲስተሙን ቁጥር በጣቱ ጠብ ጠብ፣ ጠብ ጠብ አደረገው። ቀይ ከረሜላ የመሰለ ሥዕል ድንገት ብቅ አለ። ኮፒውንም እንደዚያው መታው፤ ምንም።

"እንደ ሐብሐብ ነዋ የሚመታው!"

"እንደ ሐብሐብ፣ እትዬ! ድምፁን ሰምቶ መግዛት ነው።"

"የሚያነበውን ስጠኝ" አሉ። ድምፃቸው ግን ሐኪም ቤት መርፌ ሊወጉ ተራ የደረሳቸው ሰው ድምፅ ነበር። ዋጋው ከብዷቸው ነው ብዬ አሰብኩ።

አዛን ተባለ። ፉርቃን "ሀፍሷ፣ ዕቃ ጠብቂ፣ ሰግጄ መጣሁ" ብሎ ወጣ። የሸጠውን በስተቀኝ፣ ኮፒውን በስተግራ አስቀምጦ ነው የሄደው። እትዬ ሸዋገነት ጀርባቸውን ሰጥተውኝ በሩ ላይ ቆመው መንገዱን ያያሉ።  እጄን ላክሁ። የቀኙን ወደ ግራ፣ የግራውን ወደ ቀኝ። በቃ። ከዚያ የመስታወቱን አቧራ በእጅጌዬ የምጠርግ መሰልኩ።

ፉርቃን ሲመለስ ሱቁ በደንበኛ ተሞልቶ ነበር። እየተጣደፈ ሲሙን የቀኙ ውስጥ ከትቶ "በደስታ ይጠቀሙበት" አለ። በመንገድ ላይ ከእህል በረንዳ የጤፍ ብናኝ አፍንጫዬን እያሳከከኝ፣ በዓለም ላይ ከኔ የበለጠ ብልህ ሰው የለም እያልኩ ሄድኩ።

የራሴን ሱቅ ከከፈትኩ በኋላ ነው አንድ ነገር ያየሁት። በር ላይ ጀርባውን ሰጥቶኝ የቆመ ደንበኛ ከፊቱ፣ እንደ ፉርቃን ሱቅ፣ የበሩ መስታወት አለ። እጄ ምን እንደሚሠራ ከኔ እኩል ያየዋል።

አዲሱም ስልክ ሳጥን አመጣ። "ይሄ ፉርቃን ሸወደን" ብዬ ተቆጣሁላቸው። "ተይው፣ አንቺ አለሽ አይደል" አሉኝ። ሰጎኖቹ ቀጠሉ። በአራት ስፒከር ስለሚጮህ አሁን የማዕረግን መልእክት ግቢው ሁሉ ይሰማል። መጋቢት አለፈ፣ ሚያዝያ፣ ግንቦት። ማዕረግ ሁለተኛ ሱቅ ከፈተ።

ሰኔ ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ዝናብ ሊመጣ ሲል ስልኩ ጮኸ። እንደ ልማዴ ነጠቅ አድርጌ ጉሮሮዬን ጠረግኩ። "እማዬ እንደምን ሰነበትሽ…"

እጃቸው መጥቶ ስክሪኑን ሸፈነው። ነጭ ሽንኩርት የሚሸት እጅ።

"ይሄን አታንብቢው።"

"ለምን?"

"የእስካሁኖቹ ከባለ ሦስት ቁጥሩ ነው የሚመጡት። የስልክ መሥሪያ ቤቱ ማስታወቂያ ነው፤ ሰው አይደለም። ይሄ ረጅም ነው። የውጭ አገር ነው።"

 በመርካቶ ሽንኩርት እየመዘነ ሃያ ዓመት የቆየ ሰው ቁጥር አይለይም ብዬ ነበር የተቀመጥኩት! ፊደል የማይችል ሁሉ ቁጥርም አይችልም ብዬ! እዚያ ሰፈር ተወልጄ፣ ኪሎና ግራም እየሰማሁ አድጌ። ከመጀመሪያዋ ሰጎን ጀምሮ ያውቁ ነበር።

ነጠላቸውን አነሡ። እጄን ያዙ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

ፉርቃን ስልኩን ተቀብሎ አየው፤ የሲስተሙን ቁጥር ጠብ ጠብ አደረገ። ከረሜላ የለም። ደግሞ መታው። ፊቱ ተለዋወጠ። "ይሄ እኮ የሸጥኩልዎት አይደለም! ወላሂ አይደለም! ታዲያ እውነተኛው የት… ያ ረቢ! ኮፒውን ብሎ የገዛኝ ያ ልጅ! እውነተኛውን በኮፒ ዋጋ ሸጬለታለሁ ማለት ነው!" ግንባሩን መታ። ከዚያ ቀስ ብሎ ወደኔ ዞረ።

አፌን ከፈትኩ። እትዬ ሸዋገነት ቀደሙኝ።

"እኔ ነኝ የለወጥኩት።"

"እርስዎ? ምን ሊያደርግልዎት?"

"ቴሌቪዥን አለው አላልክም? ልዩነቱን እከፍልሃለሁ። አሁን ይሄን አስነብበኝ።"

ከአደጋ አተረፉኝ ብዬ ነበር ያኔ ያሰብኩት። አሁን ግን እውነታቸውን የተናገሩ ይመስለኛል። እጄን በመስታወት አይተው ዝም ያሉ እለት እሳቸውም መርጠዋል። ስልኩ እስካላነበበ ድረስ ማዕረግ ሱቅ አለው፤ ሰጎን ይቀጥራል። የውጭ ቁጥር ሲመጣ ግን እንደማያልፉት ከራሳቸው ጋር ተስማምተው ነበር። እኔ ያታለልኳቸው መስሎኝ ስፈነድቅ፣ እሳቸው በኔ ውሸት ተከልለው ትንሽ ጊዜ ይገዙ ነበር።

ፉርቃን መልእክቱን ወደ ራሱ ስልክ አስተላለፈው። ጠበቅን። ስልኩ ጮኸ። ሳጥኖቹ ፊደል ሆነው ወጡ፣ ጥቁር፣ ትንንሽ፣ ሁሉም በየቦታው። ሊያነብ ሲጀምር እትዬ ሸዋገነት "ስጣት" አሉት። "እሷ ናት የምታነብልኝ።"

ሳጥን ሲሆን እንደ ውኃ የሚወርድልኝ ንባብ ፊደል ሲሆን አንተባተበኝ።

"እ-ት-ዬ ሸዋገነት… አሸብር ነኝ… ከማዕረግ ጋር የወጣሁት። ማላዊ ታስረን ስልክ… ስልክ ተውሼ ነው። ማዕረግ…"

ዓይኔ ከአፌ ቀድሞ የሚቀጥለውን መስመር አየ።

ከደጅ ዝናቡ ጀመረ። ፉርቃን ደንበኛ ጠርቶት ወደ በሩ ዞሯል። እሳቸውና እኔ ብቻ ነን። በዓለም ላይ ያለ ውሸት ሁሉ ምላሴ ላይ ነበር፤ ማዕረግ ተፈቷል፣ ማዕረግ አግብቷል። ስልክ ይዤ ዝም ብዬ አላውቅም ነበር። ዝም አልኩ። እትዬ ሸዋገነትም ከዝምታዬ ሰሙ። በሁለት እጃቸው የመስታወቱን ጠርዝ ያዙ።

"ጨርሺው" አሉ። "ምንም አትጨምሪ።"

"…ማዕረግ መንገድ ላይ የጀመረው ሕመም ጸንቶበት ሚያዝያ ዘጠኝ ቀን እዚሁ አረፈ። የቀበርነው እኛ ነን። ብቻውን አልነበረም። ይቅርታ ያድርጉልን።"

ሚያዝያ ዘጠኝ። ሁለት ወር ሙሉ ለሞተ ሰው ሱቅ ኩንታል ሳሸክም ነበር።

በማግስቱ ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተከለ። ያ ባዶ በር በሰው ተሞላ፤ ከአትክልት ተራ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ፣ ከሶማሌ ተራ የአባቴ ጓደኞች ሳይቀሩ መጡ። አግዳሚው ሁሉ ተይዟል። ድንኳኑ ዳር ላይ ቆሜ የሰው እግር አያለሁ። ጠሂራ ስታልፍ ራሴን ዳሰስ አደረገችኝ፤ ሌላ ማንም አላየኝም።

አንዲት ሴት "እንዴት አረዱሽ ሸዋዬ?" ስትል ሰማሁ።

"ሀፍሷ አነበበችልኝ" አሉ። ዓይናቸው ሰዉን አቋርጦ ፈለገኝ። "ነይ።"

ሴቶቹ ጠጋ ጠጋ ብለው ከጎናቸው ቦታ ለቀቁልኝ። ተቀመጥኩ። ልቅሶው ረገብ ሲል ጎንበስ ብለው በጆሮዬ፣ ማንም ሳይሰማ፣ "ዛሬስ ምን አለ? ሱቁን ለማን ሰጠው?" አሉኝ።

አሁን ሁለታችንም እናውቃለን። ውሸት መሆኑን አውቀው ነው የጠየቁኝ። ሕይወቴን ሙሉ ወሬ አልቆብኝ አያውቅም፤ ያን ቀን ግን ከአንዲት ሰጎን ላባ የምታህል ቃል እንኳ አጣሁ። ፈለግኩ፣ ፈለግኩ። አፌ ባዶ ነው።

ጠበቁኝ። ከዚያ ጉልበቴን ሁለት ጊዜ ቸብ ቸብ አድርገው፣ ሊያስተዛዝናቸው ወደመጣው ወደሚቀጥለው ሰው ዞሩ።